የአያ ቅሬታ ጭንቅላት የት ገባ?

ጭንቅላት የለውም!

ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተንጋሏል፣ እጆቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፣ ኮቱ እንደተቆለፈ ነው፣ የጫማው ክር እንኳ አልተፈታም። ከአንገቱ በላይ ግን ባዶ! በሩን የከፈተልን ዘበኛ "ኧረ በሕግ አምላክ!" ብሎ ቁልፉን ጣለው። እኔማ ጩኸቴን ለቀቅኩት። አሻንጉሊት መሆኑን እያወቅኩ'ኮ ነው የጮህኩት!

አሻንጉሊት ነው ብላችሁ እንዳትስቁ፣ እሺ? አያ ቅሬታ ነው! ያ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የሚወጣው፣ ግራ ጉንጩን እስከነጆሮው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ "ወይ ጥርሴን! ሾርባው ሞቀ! ኧረ ሾርባው ቀዘቀዘ!" እያለ የሚነጫነጨው። ሕፃናቱ ሲያዩት ይፈነድቃሉ። እናቴ ግን በሱ ምክንያት እንቅልፍ ካጣች ከረመች።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እማዬ አሻንጉሊት ሠሪ ናት። መጋረጃዋን ተሸክማ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች ትርኢት ታሳያለች። የቤታችን አለቃ ደግሞ ጋሽ ኩርፌ ነው። እኔ ሳልወለድ ነው የሠራችው፣ ወረቀት በኮላ እየደራረበች። አፍንጫው ቆልመም ያለ፣ የታች ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ቅንድቡ ግጥም ያለ ሽማግሌ። "ደህና አደሩ?" ስትሉት "ምነው፣ ባላድር ይሻልሽ ነበር?" ይልና ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ! አለቀ። ብትለምኑት፣ ብትስሙት አይዞርም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ሄዶ ከሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ እሱም ማኩረፍ አለበት። ዝም። ዝም። ከዚያ የጋሽ ኩርፌ ትከሻ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት! ልጆቹ በዚህ ጊዜ መሬት ላይ ይንከባለላሉ።

ሁሌ ኮፍያውን ግራ ጆሮው ላይ ደፋ አድርጎ ነው የሚያደርገው። የኔ ጥፋት ነው። ጥርስ ሳወጣ ጆሮውን አግኝቼ አኘክኩት! እማዬ መሳቅም ማልቀስም አምሯት ኮፍያ ሰፋችለት። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይቺ አይጥ" እያለች ትተርክብኛለች፣ በእፍረት ትገድለኛለች።

እንግዲህ አምና ነው አያ ቅሬታ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ያለው። ያው አፍንጫ! ያው ከንፈር! ያው ንጭንጭ! እማዬ ጎረቤት ቤት ነበር ያየችው፤ የያዘችውን ብርጭቆ ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ በሄደችበት ትምህርት ቤት ሁሉ ልጆቹ "እትዬ፣ ከቲቪ ኮርጀሽ ነው አይደል?" ማለት ጀመሩ። አስተማሪዎቹም መጥራት ተዉ። እሷ ለቅጂ መብት ቢሮ ከሰሰች። የቲቪው ባለቲያትር ደግሞ "ሌባ ናት፣ እንዲያውም እኔ ነኝ የምከሳት!" አለ።

የቢሮው ባለሙያ ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። "ኩርፊያ የማንም ንብረት አይደለም፣ በየቤቱ አንድ አኩራፊ አለ" አለቻቸው። "እኔ የምፈልገው ፊቱን፣ ቅርፁን፣ ተደምሮ የሚወጣውን ሰው ነው። ሁለቱንም ልብሳቸውን አውልቄ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ልለካ።" በዚያው ስብሰባ ላይ እማዬ ተናደደችና ሰው ሁሉ እየሰማ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ጭንቅላቱን ቆርጬ በተገላገልኩ!"

ወይኔ እማዬ!

የመለኪያው ቀን ነው እንግዲህ ዛሬ። ቦታው የባለቲያትሩ ወርክሾፕ። ጋሽ ኩርፌን በካርቶን ይዘን ገባን፣ እና... ጭንቅላት የለም።

ባለቲያትሩ ከኋላችን ገብቶ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ገደለችው! እንደዛተችው ገደለችው!"

"እኔ?" አለች እማዬ። "እኔ ላሸንፍህ ስል የማስረጃዬን ጭንቅላት ልቆርጥ?"

"እንደሚያጋልጥሽ ስላወቅሽ ነዋ!"

ባለሙያዋ መነፅሯን አወለቀች። "እኔ ነገ ጠዋት ውሳኔዬን እሰጣለሁ። ይሄ ካልተገኘ በእጄ ያለው የቴሌቪዥኑ ቅጂ ብቻ ነው። የእርስዎ ትርኢት ደግሞ የትም አልተቀረፀም፣ እትዬ።" ቀጥላም "መጀመሪያ የፈጠረው እሱ ነው ከተባለ ጋሽ ኩርፌ ከእንግዲህ መድረክ ላይ አይወጣም" አለች።

እማዬ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

መርማሪው መጣ። በቲቪ እንደምናያቸው ቀጠን ያለ፣ ኮስተር ያለ መስሏችኋል? ድብልብል ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ ጫማው ሲጥ ሲጥ የሚል ኢንስፔክተር! በሩን አልፎ ገባ፣ አፉን ከፈተ፣ ሁላችንም ምን ሊል ነው ብለን ጠበቅን...

"አጢሹ!"

"ይማርዎ!" አልኩ ሳላስበው።

"ያኑርሽ። አቧራ አይስማማኝም።" መሐረቡን አወጣ። "ማን ነው ሟቹ?"

አንገቱን ጎንበስ ብሎ አየው። ቆረጣው ቀጥ ያለ ነው። ማርሽና ሽቦ ከሚያያዝበት ከፊት ሳይሆን ከኋላ ተጀምሮ፣ ሽቦዎቹ አንድም ሳይነኩ። ያ የጥርስ ሕመም ጨርቁ ደግሞ አጠገቡ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ጨርቁን በብዕሩ ጫፍ ነካ አደረገው።

"በጣም ሥርዓት ያለው ሌባ ነው" አለ። "የኔ ልጆች እንኳ እንዲህ አያጥፉም።"

"በመስኮቱ ነው የገባችው!" አለ ባለቲያትሩ። የጓሮ መስኮቱ እውነትም ክፍት ነበር። ኢንስፔክተሩ ሄዶ ደፉ ላይ ጎንበስ አለ።

"አጢሹ! አጢሹ!"

"ይማርዎ፣ ይማርዎ።"

"ያኑርሽ። ይሄን አቧራ እንኳን ሰው ዝንብም አልረገጠው። መስኮቱን የከፈተው ሰው ከውስጥ ነው የከፈተው፣ እኛ እንድናየው ብሎ። ቁልፍ ያለው ማነው?"

ባለቲያትሩ፣ ዘበኛው፣ እና የወርክሾፑ ሠራተኛ ሚጢጢ። ሚጢጢ የሚሏት ቁመቷ እኔን እንኳ ስለማያክል ነው። ጀሶ የምታቦካው፣ ቅርፅ የምታወጣው፣ ቀለም የምትቀባው እሷ ናት። ጥግ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷ ጀሶ መስሏል።

"ትናንት ማን መጨረሻ ወጣ?"

"እሷ" አለ ዘበኛው። "ሁሌም ታመሻለች፣ ሥራ ወዳድ ናት። ከሷ በኋላ ወፍ ዝር አላለም።"

"አንተ ተኝተህ ካልሆነ።"

"እኔ?" አለ ዘበኛው፣ ተኝቶ እንደነበር ሁላችንም እስኪገባን ድረስ ተቆጥቶ።

ባለቲያትሩ ስቱዲዮ ቀረፃ ላይ ነበር፣ ያየው ሰው መዓት ነው። ሚጢጢ ደግሞ "ስወጣ ደህና ነበር" አለች፣ ድምጿ በጭንቅ እየተሰማ። ከዚያ የሆነ ነገር መሥራት ያለባት ይመስል ሄዳ ሻይ አፍልታ መጣች። ለሁላችንም አደለች። "ይሄኛው የእርስዎ ነው፣ እትዬ፣ ስኳር የለውም" አለቻት እማዬን። እማዬ ሳታየው ፉት አለችው።

ኢንስፔክተሩ መደርደሪያው ላይ ያሉትን አሻንጉሊቶች በተራ እያነሳ፣ እያነጠሰ፣ እያስቀመጠ ይዞር ነበር። አንበሳው፣ "አጢሹ!" ንጉሡ፣ "አጢሹ!" መጨረሻ ላይ ሻሽ ያሰረች አንዲት አሮጊት አሻንጉሊት አለች፣ ተኮሳትራ እኔን ታየኛለች። የሆነች የማውቃት ሴትዮ መሰለችኝ። ያንን እያሰብኩ እያለ ነው ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር አንድ ነገር ጎትቶ ያወጣው።

ትንሽ መጋዝ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ናስትሮ የተጠመጠመበት።

ያንን ናስትሮ እኔ ነኝ የጠመጠምኩት! የወንድሜ መጋዝ ነው!

ወንድሜ አናጢ ነው፤ ለእማዬ የመድረኩን እንጨት የሚሠራላት እሱ ነው። ቁጡ ነው ደግሞ። አያ ቅሬታ ቲቪ ላይ በወጣ ቁጥር ተነስቶ ከቤት ይወጣ ነበር። እማዬን አየኋት። እሷም መጋዙን እያየች ነው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አፌ ውስጥ ያለው ምላስ የሰው ምላስ ሆነብኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱን፤ ኢንስፔክተሩ ቤቱ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ጠበቅነው። ቢሮው ጠባብ ነው፣ አንደኛው ወንበር ይወዛወዛል፣ እኔ የደረሰኝ እሱ ነው፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ቀጭ ይላል፣ የዋሸሁ ይመስላል።

"ትናንት ማታ የት ነበሩ?"

"ቤቴ። የጋሽ ኩርፌን ልብስ ሳጣጥብ፣ ለዛሬ ሳሰናዳው።"

"ምስክር አለዎት?"

"እኔ አለሁ!" አልኩ።

"አንቺ ልጇ ነሽ።"

"ልጇ ስለሆንኩ ታወርኩ እንዴ?"

እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ኢንስፔክተሩ ግን ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። "ጭንቅላቱን ቆርጬ ልገላገል ብለዋል?"

"ብያለሁ። ይቺንም በቀን ሦስቴ 'እገልሻለሁ' እላታለሁ። ይኸው ፊትዎ ተቀምጣለች።"

መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ይሄን ያውቁታል?"

ወንበሬ ቀጭ አለ። እማዬ ትንፋሿን ሳበች።

"የኔ ነው" አለች።

እማዬ! ለወንድሜ ብላ! ልጮህ ነበር፣ ግን ምን ብዬ? የእማዬ አይደለም ብል የወንድሜ ነው ማለት ነው። የወንድሜ አይደለም ብል የእማዬ ነው። እንባዬ በቃ ዱብ ዱብ አለ፣ በአፍንጫዬም ወረደ፣ መሐረብ አልነበረኝም፣ ኢንስፔክተሩ የራሱን ሊሰጠኝ አሰበና አየው፣ አየኝ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

እዚያው በሩ ተከፈተና ወንድሜ ገባ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ። ሰው ነግሮት ነው የመጣው።

"እናቴን ልቀቋት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"ዝም በል አንተ!" አለች እማዬ።

"እኔ ነኝ አልኩ'ኮ!"

ኢንስፔክተሩ ሳይቸኩል ወንበሩን አመቻቸ። "እሺ። እንዴት አድርገህ ቆረጥከው?"

"በመጋዝ ነዋ።"

"ከፊት ነው ከኋላ?"

ወንድሜ የፀጉሩን ብናኝ አራገፈ። "ከፊት።"

"ፊቱ የታሰረበትን ጨርቅስ?"

"ቀድጄ ጣልኩት።"

"ጭንቅላቱን?"

"ወንዝ ውስጥ።"

"የትኛው ወንዝ? በዚህ ወቅት እዚህ ወንዝ እንኳን ጭንቅላት ቁራሽ ሳሙናም አይወስድም።" ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለለት። "ስማኝ፣ ልጄ። ጨርቁ ታጥፎ ነው የተገኘው። የተቆረጠውም ከኋላ ነው። አንተ እንኳን ልትቆርጠው ሬሳውንም አላየኸው። እናትህ ላንተ ብለው ዋሹኝ። አንተ ግን ለእናትህ ብለህ አይመስለኝም። ስትገባ ቀድመህ ያየኸው እሳቸውን አይደለም፣ መጋዙን ነው። 'እዚያ ምን አደረሰው' ብለህ አልተገረምክም፤ የት እንደነበረ ታውቃለህ። ለማን ነው የምትዋሸው?"

ወንድሜ አቀረቀረ። እማዬ ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ያ አተያይ ደግሞ ከፖሊሱ ይብስ ነበር።

"ለማን?" አለች።

ወንድሜ ወንበሩን ገፍቶ ወደ በሩ ዞረ።

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አነሳ። "ተነሱ። ሁላችሁም። ካርቶኑን እንዳትረሱት።"

ወደ ወርክሾፑ ስንመለስ እማዬና ወንድሜ መኪና ውስጥ ግራና ቀኝ በመስኮት ያያሉ፣ እኔ መሃላቸው ካርቶኑን ታቅፌ። ነገ ጠዋት፣ ነገ ጠዋት፣ ነገ ጠዋት። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይሄ ብቻ ነበር። ጋሽ ኩርፌ ከዛሬ በኋላ ካርቶን ውስጥ ሊቀር ነው። እና ከወንድሜና ከእማዬ አንዳቸው... ኧረ አልጨርሰውም!

ባለቲያትሩ እዚያው ነበር፣ ጭንቅላት የሌለው አያ ቅሬታ አጠገብ ተቀምጦ። እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። የኮቱን ቁልፍ እያስተካከለለት ነበር። ሚጢጢ ብሩሽ እያጠበች ናት፣ የታጠበ ብሩሽ።

"አንድ ጥያቄ" አለው ኢንስፔክተሩ። "ይሄ ሰውዬ ለምንድነው ግራ ጉንጩን የሚያስረው?"

"ጥርሱን ስለሚያመው ነዋ! ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።"

"የጥርስ ሕመሙ ነው የቀደመው ወይስ ጨርቁ?"

ባለቲያትሩ ትንሽ አሰበ። "ጨርቁ" አለ፣ ራሱም ገርሞት። "እሷ ሠርታ ስታሳየኝ ፊቱ ታስሮ ነበር። ምን ሆኖ ነው ስላት ሳቀች። እኔ ነኝ 'ጥርሱን ይመመው' ያልኩት። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።"

የሚጢጢ ብሩሽ ከእጇ ወደቀ።

"ባለሙያዋ ልብሳቸው እንደሚወልቅ የተናገረችው ባለፈው ሳምንት ነው" አለ ኢንስፔክተሩ። "ጨርቁም ይፈታል ማለት ነው። ታዲያ አንድ ሰው ከጨርቁ ስር ያለው እንዲታይ አልፈለገም።" ወደ መደርደሪያው ሄደ። አንበሳውን አነሳ።

"አጢሹ!"

ማንም ይማርዎ አላለም። ንጉሡን አነሳ። "አጢሹ!" ሙሽራዋን። "አጢሹ!" ዓይኑ ቀልቶ እንባው እየወረደ ነው። ሻሽ ያሰረችውን አሮጊት አነሳት። አፍንጫው አጠገብ አደረጋት። ጠበቅን። ጠበቅን።

ምንም!

"ጠዋትም እሷ ጋ ስደርስ አላነጠስኩም" አለ። "ቤት ሄጄ ምሳ ስበላ ነው ትዝ ያለኝ። እዚህ ቤት ውስጥ አቧራ የሌለባት ብቸኛዋ ነዋሪ ናት። የቀለም ሽታም አላት።" ወደ ሚጢጢ ዞረ። "የኔ እመቤት፣ ሌላም ጥያቄ አለኝ። ጠዋት ለእኛ ሁሉ ሻዩን በስኳር አጥለቅልቀሽ፣ ለኚህ እናት ብቻ ያለ ስኳር አመጣሽ። ከዚህ በፊት ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?"

"አላውቃትም" አለች እማዬ። ከዚያ ራሷ ቆም አለች። "እንዴ! ስኳር እንደማልወድ ማን ነገረሽ?"

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

አሁን ገባኝ! በቃ አሁን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ማምሸቱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቶ መቀባቱ፣ "ሥራ በዛ" ማለቱ! እኔ የቤቱ ሰላይ ነኝ ባይ!

ኢንስፔክተሩ አሮጊቷን ለኔ ሰጠኝ። "ሻሿን ፍቺላት፣ አይጥ።"

"ማን ነገረዎት?"

"እናትሽ ናቸዋ፤ አንቺ ቀድመሽ መኪና ስትገቢ ጋሽ ኩርፌ ለምን ኮፍያ እንደሚያደርግ ስጠይቃቸው ሙሉ ታሪኩን ነገሩኝ፤ እያለቀሱም ቢሆን አልተዉሽም።"

ሻሹን ፈታሁ። የሱፍ ክር ፀጉሩን ወደ ላይ ገለጥ አደረግኩት። ግራ ጆሮ። ጫፉ ላይ፣ በአዲሱ ቀለም ስር፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ረድፍ።

የኔ ጥርስ!

እማዬ ካርቶኑን ከፈተች፣ የጋሽ ኩርፌን ኮፍያ አወለቀች፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ያው ንክሻ፣ ያው ቦታ። የአሮጊቷ ግን ጭንቅላቷም ጆሮዋም ንክሻዋም ትንሽ አነስ ያለ።

"ወረቀት የጀሶ ፎርማ ውስጥ ሲደርቅ ይሰበሰባል" አለች እማዬ፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። "ከፊት ላይ ፎርማ ካወጣሽ፣ ልጅየው ሁሌ ከአባቱ ያንሳል።"

ሚጢጢ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ለመማር ነበር" አለች። "ወንድምሽ... ልጅዎት ነው ያመጣልኝ፣ ለአንድ ቀን። እንዲህ ያለ እጅ የት አለ፣ እይው ብሎ። እኔ ጀሶ አፍስሼ ፎርማ አወጣሁበት፣ እጄን ላፍታታበት ብዬ እንጂ... ጆሮው ሲያሳፍረኝ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ከዚያ እሳቸው ገብተው አዩት።" ወደ ባለቲያትሩ ተመለከተች። "በደስታ ዘለሉ'ኮ! ላወራ ስል ቲቪ ላይ ወጣ። በኋላማ እንዴት ብዬ? ትናንት ባለሙያዋ ነገ ጨርቁን ትፈታለች ብዬ ሳስብ መጋዙን አነሳሁ። እዚህ ረስቶት የሄደው ነው። ልሰብረው ፈለግኩ። መስበር አቃተኝ። እንደዚህ ያለ ፊት እንዴት ይሰበራል?"

"መጋዙን ሳየው ነው እሷ መሆኗን ያወቅኩት" አለ ወንድሜ። "እማ፣ ጋሽ ኩርፌን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በኔ ነው የመጣው።"

ባለቲያትሩ የአያ ቅሬታን ኮት ለቀቀ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ያጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሳ። "ፊቱ የአንቺ ነው" አላት እማዬን። "አላውቅም ነበር፣ ግን የአንቺ ነው። ለባለሙያዋ ራሴ እነግራታለሁ፣ ለሕፃናቱም። የጥርስ ሕመሙ ግን የኔ ነው! እሱን ማንም አይወስድብኝም!"

"የጥርስ ሕመሙም የልጄ ጥርስ ያመጣው ነው!" አለች እማዬ።

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ ሲል አነጠሰው። ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ይማርዎ!" አልን፣ ባለቲያትሩ ሳይቀር። "ያኑራችሁ" አለ መሐረቡን እየፈለገ። "እንግዲህ የተቆረጠው ንብረት የእሱ ነው፣ የተቀዳው ፊት የእርስዎ። እሷን ክሰሱ ካላችሁኝ እከሳለሁ። ተነጋገሩ። እኔ ውጪ ነኝ፣ አየር ልውሰድ።"

ባለቲያትሩ እጁን አወዛወዘ፣ ተዉት እንደማለት። ሁላችንም እማዬን ጠበቅን። እሷ ግን ጋሽ ኩርፌን ካርቶኑ ውስጥ አስተኛች፣ ኮፍያውን አጠለቀችለት፣ አሮጊቷን ብብቷ ስር አደረገችና ወጣች።

ባለሙያዋ በማግስቱ ሁለቱን ጆሮዎች ጎን ለጎን አየች፣ ባለቲያትሩን ሰማች፣ ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ጋሽ ኩርፌ የኛ ነው! ትምህርት ቤቶቹም እንደገና መደወል ጀምረዋል! ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ግን ቤታችን... እንዴት ልበላችሁ፣ ቤታችን በረዶ ነበር። እማዬ ወንድሜን አታናግረውም። ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። "እማ፣ ጨው አቀብይኝ" ሲላት በኔ በኩል ታቀብለዋለች። ሚጢጢን ደግሞ እንክሰሳት ወይስ አንክሰሳት የሚለውን አላነሳችውም። ኢንስፔክተሩ ሁለቴ ደወለ። "ላስብበት" ትለዋለች። ወንድሜ እየከሳ ሄደ። እኔ ሌት ተቀን ስልኩን ነበር የማየው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሚጢጢ!

ወንድሜ ሊነሳ ሲል በእጇ ተቀመጥ አለችው። እማዬ መስኮቱ ጋ የአሮጊቷን ቀለም እየፋቀች ነበር፣ ከስሯ ያንን የምናውቀውን ቅንድብ እያወጣች። ሚጢጢን አየቻት። ወንበሯን ቀጭ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"እትዬ" አለች ሚጢጢ። "ጣቢያ ልሂድ ካሉኝ ራሴ እሄዳለሁ።"

ጀርባ።

"እትዬ፣ ይቅርታ።"

ጀርባ። የባሰ ጀርባ፣ እንደዚያ የሚባል ነገር ካለ።

ሚጢጢ ቆመች። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር። ግን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከጠረጴዛው ስር የኔን አጭር በርጩማ ጎተተች፣ ከእማዬ ወንበር ኋላ አስቀመጠችው፣ ተቀመጠች። ጀርባዋን ከእማዬ ጀርባ ጋር አስጠጋች። እጇን አጣጠፈች። አኮረፈች።

ወንድሜ ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያዝኩ። ፊትን በጀሶ ማውጣት ይቻላል፣ ይሄንን ግን ቲቪው ላይ አንድም ቀን አላየሁትም፤ ይሄንን ለማወቅ የግድ የእማዬ ትርኢት ላይ ከሕፃናቱ ጋር መሬት ላይ መቀመጥ አለባችሁ። መጥታ አይታዋለች ማለት ነው! ተደብቃ!

ዝም።

ዝም።

ውጭ መኪና አለፈ። ቧንቧው ጠብ አለ።

ከዚያ የእማዬ ትከሻ... ማልቀሷ ይሁን መሳቋ ከኔ በኩል አይታይም ነበር። ግን ተንቀጠቀጠ! እምላለሁ ተንቀጠቀጠ!

"ሻይ አፍይ፣ አይጥ" አለችኝ ሳትዞር። "ለሁለት። የኔን ታውቂዋለሽ። የሷን ጠይቂያት።"